ቀለም የሌለው ሙዚቃ? ዴትሮይት፣ ቴክኖና የአድናቂው ዝምታ

በማርች 2024 እ.ኤ.አ. የበርሊን የቴክኖ ባህል በጀርመን አገር አቀፍ የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ሰፈረ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ውሳኔው በራሱ የሚነቀፍ አይደለም። ግንቡ ከፈረሰ በኋላ ባዶ በቀሩ ፋብሪካዎች፣ መጋዘኖችና ምድር ቤቶች ውስጥ የምሥራቁና የምዕራቡ ወጣት ጎን ለጎን የጨፈረው በዚህ ሙዚቃ ነበር፤ የከተማይቱ የዛሬ መልክም ያለዚያ ዘመን ሊታሰብ አይችልም። ይሁን እንጂ ለዚህ ባህል መሠረት የሆነው ሙዚቃ በርሊን አልተወለደም። የተወለደው በአሜሪካዋ ዴትሮይት ነው፤ የወለዱትም ጥቁር ወጣቶች ናቸው። ይህን የሚክድ በርሊን ውስጥም ብዙ አይገኝም። ጥያቄው የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው፤ እነዚህ ሰዎች በአፍቃሪዎቻቸው ትረካ ውስጥ የተቀመጡት ምን ሆነው ነው? የሙዚቃው ባለቤት ሆነው፣ ወይስ በመጀመሪያው ምዕራፍ ተመስግነው የሚሰናበቱ ቅድመ አያቶች ሆነው?

ጥያቄው የቴክኖን አፍቃሪ፣ በተለይም ሸክላ የሚሰበስበውን፣ የእያንዳንዱን ኅትመት ቁጥር በቃሉ የሚያውቀውን፣ ስለ አንድ የከበሮ ማሽን ድምፅ ሲከራከር ሌሊቱ የሚነጋበትን አፍቃሪ ደስ አያሰኘውም። የተለመደው መልስ አጭር ነው፤ ሙዚቃ ቀለም የለውም፣ ፖለቲካውን ትተን ስለ ሙዚቃው እናውራ። መልሱ ቅን ይመስላል፤ አብዛኛውን ጊዜም በቅንነት ይነገራል። ነገር ግን ገለልተኛ አይደለም። አድናቂው ፖለቲካን ሁሉ አይሸሽም። ሙዚቀኛው ከትልልቅ ኩባንያዎች ጋር ሲጣላ ከሙዚቀኛው ጎን ይሰለፋል፤ ይጽፋል፣ ይሟገታል፣ ገንዘቡንም ይነፍጋል። ዝም የሚለው የክርክሩ መስመር እርሱንና ሙዚቀኛውን በሁለት ወገን የሚያቆም በሚሆንበት ጊዜ ነው። የገንዘብና የኩባንያ ጥያቄ ሁለቱን ያስተባብራቸዋል፤ የዘር ጥያቄ ግን አድናቂውን ራሱን ተጠያቂ ሊያደርገው ይችላል።

«ዘር» የሚለው ቃል በኢትዮጵያ የፖለቲካ ንግግር ውስጥ በአብዛኛው ብሔርን ስለሚጠቁም እዚህ ላይ አንባቢን ሊያሳስት ይችላል። የሚነሳው ጉዳይ በአሜሪካ በቆዳ ቀለም ላይ የተመሠረተው፣ ማን የት ሰፈር ቤት እንደሚገዛ፣ ማን ከባንክ ብድር እንደሚያገኝና ማንን ፖሊስ መንገድ ላይ እንደሚያስቆም ሲወስን የኖረው ሥርዓት ነው። በዴትሮይት ይህ ሥርዓት በሲሚንቶ ጭምር ተገንብቷል። በ1941፣ ከስምንተኛ ማይል መንገድ በስተደቡብ፣ ጥቁሮች ይኖሩበት የነበረውን ሰፈር ለነጮች ሊሠራ ከታሰበው ሰፈር የሚለይ ግንብ ቆመ፤ የግንቡ ዓላማም የፌዴራሉ መንግሥት ለአዲሶቹ ቤቶች የብድር ዋስትና እንዲሰጥ ማስቻል ነበር። በርሊን ግንቧን በ1989 ስታፈርስ የዴትሮይቱ ግንብ እንደቆመ ነበር፤ ዛሬም አለ። በሐምሌ 1967 የተነሳውና 43 ሰዎች የሞቱበት የከተማይቱ ሁከት መነሻም የሚገርም ነው፤ ሰዎች ከቬትናም የተመለሱ ወታደሮችን ለመቀበል በተሰበሰቡበት፣ ያለፈቃድ በሚሠራ የሌሊት መጠጥ ቤት ላይ ፖሊስ ያደረገው ወረራ ነበር። ከዚያ ወዲህ የነጮች ስደት ወደ ከተማ ዳርቻዎች ተፋጠነ። በ1950 ወደ 1.85 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ የነበራት ዴትሮይት በ2010 ቆጠራ 713,777 ነዋሪዎች ብቻ ቀሯት፤ ከእነዚህም ከመቶው ከ80 በላይ የሚሆኑት ጥቁሮች ነበሩ።

የቴክኖ ፈጣሪዎች ያደጉት በዚህ መልክዐ ምድር ውስጥ ነው፤ ሆኖም ታሪካቸው ብዙ አድናቂ እንደሚገምተው የረሃብና የፍርስራሽ ታሪክ አይደለም። ሁዋን አትኪንስ፣ ዴሪክ ሜይና ኬቪን ሳንደርሰን የተዋወቁት ከዴትሮይት ወጣ ብላ በምትገኘው፣ ነጮች በሚበዙባት በቤልቪል ከተማ ትምህርት ቤት ነው። አትኪንስ የአልቪን ቶፍለርን ስለ መጪው ዘመን የሚተነትን መጽሐፍ አንብቧል፤ ስለ ማሽንና ስለ ሰው የነበረውን አስተሳሰብም ከዚያ ቀርጿል። ሦስቱም ጥቁሮች ባለቤት በሆኑበት የሬዲዮ ጣቢያ ሌሊት ሌሊት የሚተላለፈውን «ኤሌክትሪፋይንግ ሞጆ» የተሰኘውን አቅራቢ ያዳምጡ ነበር፤ እርሱም የፓርላመንትን ፈንክ፣ የፕሪንስን ዘፈንና የጀርመኖቹን የክራፍትወርክን የማሽን ዜማ በአንድ ዝግጅት ላይ እያፈራረቀ ያሰማ ነበር። በተመሳሳይ ጊዜ በሰሜን ምዕራብ ዴትሮይት የሚኖሩ ኑሯቸው የተደላደለ ጥቁር ተማሪዎች በአውሮፓ ፋሽንና በጣሊያን የዳንስ ሙዚቃ የተማረኩ የግብዣ ማኅበሮች ነበሯቸው። በ1981 አትኪንስ ከቬትናም ተዋጊው ከሪክ ዴቪስ ጋር ሆኖ ሳይቦትሮን በሚል ስም የመጀመሪያውን ሸክላ ሲያወጣ ይህ ሁሉ ከኋላው ነበር፤ የፋብሪካው ሰቆቃ ብቻ ሳይሆን ምርጫ፣ ንባብ፣ ቄንጥና የነገ ጉጉት።

«ቴክኖ» የሚለው ስም የዘርፉ መለያ ሆኖ ዓለምን የዞረው ግን በአድናቂ እጅ ነው። በ1988 ለንደን የታተመውን፣ የዴትሮይትን አዲስ የዳንስ ድምፅ ለአውሮፓ ያስተዋወቀውን ስብስብ ያሰናዳው እንግሊዛዊው ኒል ረሽተን ነበር። ስብስቡ መጀመሪያ የታሰበለት ርእስ «የዴትሮይት ሀውስ» የሚል እንደነበር፣ የተለወጠውም አትኪንስ «ቴክኖ» የሚለውን ቃል በሥራው ርእስ ውስጥ ስላስገባ እንደሆነ ይታወቃል። ረሽተን ከየት እንደመጣ ማየት ይጠቅማል። የመጣው «ኖርዘርን ሶል» ከተባለው የሰሜን እንግሊዝ የሠራተኛ መደብ ወጣቶች እንቅስቃሴ ነው። እነዚህ ወጣቶች በ1960ዎቹና በ70ዎቹ በአሜሪካ ያልተሸጡ፣ የተረሱ የጥቁሮች የሶል ሸክላዎችን እያደኑ ይሰበስቡና ሌሊቱን ሙሉ ይጨፍሩባቸው ነበር። ፍቅራቸው የእውነት ነበር። ሆኖም ከልማዶቻቸው አንዱ ልብ ሊባል ይገባል፤ አንድ ዲጄ ብርቅ ሸክላ ሲያገኝ ተፎካካሪዎቹ እንዳይደርሱበት ሲል የዘፋኙን ስም በወረቀት ይሸፍንና የሐሰት ስም ይጽፍበት ነበር። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በዘፈኑ ሲጨፍሩ የዘፋኙ ስም ተለጥፎበት ከሥር ነበር። በዚህ ልማድ ውስጥ ጥላቻ ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል፤ ያለው አድናቆት ብቻ ነው። የተሸፈነው ስም ግን የተሸፈነው በአድናቆት ነው።

ስምንና ፊትን ራሱ ሙዚቀኛው ሲሸፍነውስ? በ1980ዎቹ መገባደጃ ማይክ ባንክስና ጄፍ ሚልስ የመሠረቱት፣ ሮበርት ሁድም የተቀላቀለው «አንደርግራውንድ ሬዚስታንስ» (ኅቡዕ ተቃውሞ እንደማለት ነው) አባላቱ ፊታቸውን ሸፍነው ይታዩ ነበር፤ ለመጽሔት የሚሆን የውበት ፎቶግራፍ አይሰጡም፣ ሸክላዎቻቸውም የሰው ምስል አይታይባቸውም ነበር። ብዙ አድናቂ «ሙዚቃ ቀለም የለውም» ለሚለው አቋሙ ምስክር አድርጎ የሚጠራው ይህንኑ ነው፤ እነርሱ ራሳቸው ቀለማቸውን ሊያሳዩን ካልፈለጉ እኛ ስለ ምን እናነሳዋለን ይላል። ክርክሩ ጠንካራ ይመስላል፤ ችግሩ ያው ዐረፍተ ነገር ከሁለት አፍ ሲወጣ አንድ አለመሆኑ ነው። ቆዳው በር የዘጋበት ሰው ፊቱን ሲሸፍን በሩ ላይ የቆመውን ዘበኛ እያታለለ ነው፤ ጥቁር ሙዚቀኛ በአሜሪካ የሙዚቃ ገበያ ውስጥ ከተፈቀዱለት ጥቂት መልኮች በአንዱ ብቻ እንዲታይ ስለሚገደድ ማንኛቸውንም አልለብስም ማለቱ ነው። ቆዳው ምንም ያላስከፈለው ሰው ያንኑ ሲል ግን ዘበኛ የለም ማለቱ ይሆናል።

የአማርኛ አንባቢ ለዚህ ነገር ቅርብ የሆነ መሣሪያ አለው። ቃል የሌለው የዳንስ ሙዚቃ እንደ ሰም ሊታይ ይችላል፤ ማንም ይሞቅበታል፣ ማንም ይጨፍርበታል። ወርቁ ያለው በርእሱ፣ በሽፋኑና ሙዚቃው ካለቀ በኋላ በሸክላው መሐል በሚቀረው ባዶ ቀለበት ላይ በመርፌ በተጫረው ጽሑፍ ውስጥ ነው። እንደ ቅኔው ወርቅ ግን ብዙ አልተደበቀም። በ1992 በወጣ አንድ የአንደርግራውንድ ሬዚስታንስ ሸክላ ላይ የተጫረው ጽሑፍ በዚያው ዓመት በዴትሮይት ፖሊሶች ተደብድቦ ለሞተው ለማሊስ ግሪን የተሰጠ ነው፤ በከተማይቱ ፖሊስ ውስጥ ያሉትን ገዳዮችም በግልጽ ይረግማል። ሸክላው በርሊን ሄዷል፣ ለንደን ሄዷል፣ ቶኪዮ ሄዷል። ሰብሳቢው ጽሑፉን አይቶታል፤ እንዲያውም ከማንም በላይ የሚያውቀው እርሱ ነው። የመጀመሪያውን ኅትመት ከኋለኛው ለመለየት፣ እውነተኛውን ከሐሰተኛው ለማበጠር የሚያገለግለው አንዱ ምልክት እርሱ ነውና። ወርቁ ተነቧል፤ ግን እንደ ዋጋ መለያ ነው የተነበበው። የዚህ ጽሑፍ ክርክር በአንድ ምሳሌ ይጠቃለል ቢባል ምሳሌው ይህ ይሆን ነበር፤ ማወቅና መስማት የተለያዩበት ቦታ ስለሆነ።

የአድናቂ ዕውቀት ቀላል ነገር አይደለም። የቴክኖ ታሪክ ዛሬ የሚታወቀውን ያህል የታወቀው ደመወዝ የማይከፈላቸው አፍቃሪዎች ሸክላ በሸክላ፣ ስም በስም ስለመዘገቡት ነው፤ ዩኒቨርሲቲዎች ወደዚህ የደረሱት ዘግይተው ነው። ነገር ግን ዕውቀት ሲከማች የባለቤትነት ስሜት ያመጣል። በ1990 ከወንዙ ማዶ ካለችው የካናዳዋ ዊንዘር ሪቺ ሀውቲንና ጆን አኳቪቫ «ፕላስ ኤይት» የተሰኘውን የሸክላ ድርጅት ሲመሠርቱ ከመጀመሪያ ሥራዎቻቸው በአንዱ ላይ የዴትሮይት የወደፊት ድምፅ መሆኑን የሚገልጽ ማኅተም መትተውበት ነበር። በዴትሮይት ያሉ ሙዚቀኞች ተቆጡ። ሀውቲን ገና በወጣትነቱ ድልድዩን እየተሻገረ የዴትሮይትን ዲጄዎች ሲያዳምጥ ያደገ፣ ተሰጥኦውም ፍቅሩም የማያጠራጥር ሰው ነው፤ የቁጣው ምክንያት ግን ተሰጥኦው አልነበረም። የከተማይቱ ስም በነጭ ወጣት እጅ በገበያ ላይ የሚያወጣው ዋጋ በራሷ ልጆች እጅ ከሚያወጣው እንዳይበልጥ የነበረ ስጋት ነው። ይህ ጠብ በአድናቂዎች መካከል ሲነሳ ብዙውን ጊዜ እንደ ምቀኝነት ወሬ ይታለፋል። ሥነ ሙዚቃውን በማይክሮስኮፕ የሚመረምር ሰው ይህን ለመመርመር አንዲት ደቂቃ ማጣቱ ግን በአጋጣሚ የሆነ አይመስልም።

ከዚህ ጋር አነጻጽሮ ማየት የሚገባው የ«ጃጓር» ጉዳይ ነው። በ1999 አንደርግራውንድ ሬዚስታንስ በዴትሮይቱ የሜክሲኮ ተወላጅ በዲጄ ሮላንዶ የተሠራ፣ በአዝቴክ ተዋጊዎች ስም የተሰየመ ሸክላ አወጣ። ሥራው በአውሮፓ የዳንስ መድረኮች ላይ እንደ እሳት ተያያዘ። የጀርመኑ ሶኒ ከባለቤቶቹ ፈቃድ ውጪ ሥራውን ኖታ በኖታ የሚመስል ሌላ ቅጂ አሠርቶ ለገበያ ሊያቀርብ ተነሳ። ዜናው እንደተሰማ ከየአገሩ አድናቂዎች ለኩባንያው የተቃውሞ መልእክት አጎረፉ፤ ዲጄዎች ቅጂውን አናጫውትም አሉ፤ ሶኒም አፈገፈገ። ቅጂውን በኋላ የያዘው ቢ.ኤም.ጂ. ነበር፤ ዴትሮይትም በራሷ አዲስ ቅንብሮች መለሰች። ጉዳዩ በቴክኖ አፍቃሪዎች ትውስታ ውስጥ እንደ ድል የሚነገር ነው፤ ድልም ነው። ፖለቲካን ትተን ስለ ሙዚቃ እናውራ የሚለው ሕግ በእነዚያ ሳምንታት ማንንም አላገደም።

ስለ ምን? ትረካው ትንሹ ከትልቁ፣ ነጻው ከኩባንያው የሚል ስለነበር ነው። በዚያ ትረካ ውስጥ አድናቂው የሚቆምበት ምቹ ቦታ ነበረው፤ ከትንሹ ጋር። ያው ክስተት በሌላ መንገድም ሊነገር ይችል ነበር። የጥቁር አሜሪካዊን ሙዚቃ ወስዶ በሌላ ሰው አስቀርጾ መሸጥ በ1999 የተፈጠረ ነገር አይደለም፤ በ1950ዎቹ የጥቁሮችን የሪትም ኤንድ ብሉዝ ዘፈኖች በነጭ ዘፋኞች እያስቀረጹ ለሰፊው ገበያ ማቅረብ የአሜሪካ የሸክላ ኢንዱስትሪ የዘወትር ሥራ ነበር። ጃጓርን በዚህ መስመር ላይ ያስቀመጠ ሰው ግን ወዲያው ሌሎች ጥያቄዎች ይጠብቁታል፤ በየሳምንቱ መጨረሻ በአውሮፓ ትልልቅ መድረኮች ላይ ከፍተኛውን ክፍያ የሚወስዱት እነማን ናቸው? ስለ ሙዚቃው የሚጽፉት፣ የሚያሳትሙት፣ ድጋሚ ኅትመቱን የሚሸጡት እነማን ናቸው? እነዚህ ጥያቄዎች ሶኒን ብቻ አይነኩም። የአድናቂውን ጓደኛ፣ ምናልባትም አድናቂውን ራሱን ይነካሉ። ቁጣው በኩባንያው ደጃፍ ላይ የቆመው ስለዚህ ነው።

የቴክኖ ምንጭ ብዙ ነው፣ ክራፍትወርክ ጀርመኖች ናቸው፣ ስለዚህ ስለ ጥቁርነት መናገር ታሪክን ማጥበብ ነው የሚል ተቃውሞ ይቀርባል። የዴትሮይት ሰዎች ራሳቸው ለክራፍትወርክ ያላቸውን አክብሮት ደብቀው አያውቁም፤ ዴሪክ ሜይ ሙዚቃቸውን ጆርጅ ክሊንተንና ክራፍትወርክ አንድ አሳንሰር ውስጥ ተዘግቶባቸው ከፈጠሩት ነገር ጋር ማመሳሰሉ የታወቀ ነው። ነገር ግን ኮድዎ ኤሹን በ1998 ባሳተመው መጽሐፉ ነገሩን ገልብጦ ያሳያል፤ የእንግሊዝ ሮክ ሙዚቀኞች መዲ ዋተርስን እንደ ንጹሕ ምንጭ አድርገው እንደተጠቀሙበት ሁሉ የዴትሮይት ጥቁሮች ጀርመኖቹን ምንጭ አድርገው ተጠቀሙባቸው። ብድሩ እንግዲህ በሁለቱም አቅጣጫ ሄዷል። ልዩነቱ የሚታየው ከብድሩ በኋላ ነው። ክራፍትወርክ ዴትሮይትን ስላነሳሱ ክብራቸው ጨመረ እንጂ አልቀነሰም፤ ዴትሮይት በርሊንን ስላነሳሳች ግን ስሟ ወደ ቅድመ ታሪክ ተገፋ። መቀላቀሉ እኩልነትን አያረጋግጥም፤ ፖል ጊልሮይም በ1993 ስለ አትላንቲክ ጥቁር ባህል ሲጽፍ ያጎላው መቀላቀልና ግፍ በአንድ መርከብ መጓዛቸውን ነው።

ለበርሊንም ተገቢውን መስጠት ያስፈልጋል። በ1991 «ትሬዞር» የተባለው ክበብ፣ ከናዚዎች ዘመን በፊት የአይሁዳውያኑ የቬርትሃይም ቤተሰብ በነበረው መደብር ሥር በሚገኝ የካዝና ክፍል ውስጥ ሲከፈት፣ የክበቡ የሸክላ ድርጅት የመጀመሪያ ሥራ ያደረገው የአንደርግራውንድ ሬዚስታንስን ሙዚቃ ነው። አገራቸው ጆሮ ላልሰጠቻቸው ሰዎች በርሊን መድረክና ገቢ ሰጠች። ይህ ውለታ የሁለት ወገን ነበር፤ ከተማይቱም ከእነርሱ የተቀበለችው ዛሬ ቅርስ ብላ መዝግባዋለች።

ሌላም ጥፋት አለ፤ ከዝምታው በተቃራኒ የቆመ የሚመስል፣ ግን የቅርብ ዘመዱ የሆነ። ይህ አድናቂ ስለ ዘር ማውራት ይወዳል። ለእርሱ ዴትሮይት መቅደስ ናት፤ ፈራርሶ የነበረውን የባቡር ጣቢያ ፎቶግራፍ ያነሳ፣ ተዘግቶ የነበረውን የፓካርድ ፋብሪካ ይጎበኝ ነበር፣ የሙዚቃውን ጥራት በሰፈሩ ድህነት ይለካል። ጥቁሩ ሙዚቀኛ ንጹሕ የሚሆንለት ደሀና ስውር ሆኖ እስከቆየ ድረስ ነው፤ ዘፈኑ ገበያ ከወጣ፣ ሙዚቀኛው ቤት ከገዛ፣ ከዳን ይላል። የኬቪን ሳንደርሰን «ኢነር ሲቲ» የዚህ ሰለባ ነው። ከዘፋኟ ከፓሪስ ግሬይ ጋር በ1988 ያወጣቸው ዘፈኖች በብሪታንያ ሰንጠረዥ ከአሥሩ ቀዳሚዎች መካከል ገብተዋል፤ ከቴክኖ ሥራዎች ሁሉ በብዙ ሕዝብ የተወደዱ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በጥብቅ አፍቃሪዎች ዘንድ ግን እንደ ፖፕ ሙዚቃ ይናቃሉ። ቃል ያለው፣ ሴት የምትዘፍነው፣ ደስታን የሚናገር ጥቁር ሙዚቃ ከተሸፈነው ፊትና ከብረቱ ድምፅ ያነሰ «ዴትሮይታዊ» ሆነ። ኬሊ ሃንድ በ1990 የራሷን የሸክላ ድርጅት መሥርታ ከሠላሳ ዓመት ያላነሰ ሠርታለች፤ የዴትሮይት ከተማ ምክር ቤት በ2017 ቀዳማዊት እመቤት ብሎ አክብሯታል፤ ሆኖም የሙዚቃው ታሪክ ሲነገር የሚደጋገሙት የሦስቱ ወንዶች ስሞች ናቸው። ዝም ባዩ አድናቂ ጥቁሩን ሙዚቀኛ ቀለም አልባ ሲያደርገው ይህኛው ደግሞ ቀለሙን ብቻ ይተውለታል። ሁለቱም ሙዚቀኛው ራሱ ስለ ራሱ የሚለውን ለመስማት አይቸኩሉም።

በሜይ 2000 በወንዙ ዳር በሚገኘው ሃርት ፕላዛ በካርል ክሬግ የጥበብ አመራር የተዘጋጀው የመጀመሪያው የዴትሮይት የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ፌስቲቫል ለዚህ ሁሉ የተሰጠ አንድ ተግባራዊ መልስ ነበር። መግቢያው ነጻ ነበር። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ መጣ፤ ከባሕር ማዶ የተሳለመው አድናቂና ይህ ሙዚቃ ከሰፈሩ መውጣቱን ሰምቶ የማያውቀው የከተማይቱ ቤተሰብ በአንድ አደባባይ ቆሙ። በተከታዩ ዓመት ፌስቲቫሉ የፎርድን አዲስ መኪና ስም ተቀበለ፤ ክሬግም ከኃላፊነቱ ተነሳ፤ አድናቂዎችም ለእርሱ ቆመው ተቃወሙ። ከ2005 ጀምሮ መግቢያው በክፍያ ሆነ። ፌስቲቫሉ ዛሬም አለ፤ ጥሩም ነው። ነገር ግን በነጻው አደባባይ ላይ የቆመው ቤተሰብ ዛሬ በቲኬት መስኮቱ ፊት የሚቆም መሆን አለመሆኑ ስለ ሙዚቃና ስለ ዘር የሚደረገው ክርክር ከሚጀምርባቸው ቦታዎች ሁሉ የቀረበው ነው።

ስለ አድናቂዎች የሚያጠኑ ሰዎች ለዚህ ተገቢውን ትኩረት ቢሰጡ መልካም ነው። ጥናቶች በአብዛኛው የሚመዘግቡት አድናቂዎች የሚሉትን፣ የሚሰበስቡትንና የሚፈጥሩትን ነው፤ በስምምነት የማይሉት ነገርም መረጃ ነው። በየትኛው ቃል ላይ ወሬው ይቀየራል? ማን ሲናገር «ፖለቲካ» ይባላል፣ ማን ሲናገር «ታሪክ»? የዲፎረስት ብራውን በ2022 የታተመ የቴክኖ ታሪክ የቀሰቀሰው ክርክር በራሱ ለእንዲህ ዓይነቱ ጥናት በቂ መነሻ ነው፤ መጽሐፉ የሙዚቃውን ታሪክ ከጥቁር ሠራተኞች ታሪክ ጋር አያይዞ ይተርካል፤ ብዙ ክርክር የተነሳውም በዚያ ማያያዝ ላይ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ዝምታው የማይቻልበት ሥራ ምናልባት የድሬክሲያ ነው። ጄምስ ስቲንሰንና ጄራልድ ዶናልድ በዚህ ስም ሥር ለዓመታት ማንነታቸውን ሳያሳውቁ ሠሩ። በ1997 ካወጡት ስብስብ ጋር በታተመው ጽሑፍ ውስጥ የስሙን ትርጉም ገለጹ፤ ከአፍሪካ በባርነት ሲጋዙ ከመርከብ ወደ ባሕር የተጣሉ ነፍሰ ጡር ሴቶች የወለዷቸው፣ በእናታቸው ማሕፀን እንደነበሩ በውኃ ውስጥ መተንፈስ የቀጠሉ ልጆች ሕዝብ ሆነው በአትላንቲክ ሥር ይኖራሉ። ሙዚቃው ቃል አልባ ነው ሊባል ጥቂት የቀረው፣ የአረፋና የሞገድ ድምፅ የሚሰማበት፣ ለጭፈራ የተሠራ ነው። ስቲንሰን በ2002 ሞተ። ሸክላዎቹ ብርቅ ሆኑ፤ ዋጋቸው ናረ፤ ከ2011 እስከ 2013 ባሉት ዓመታት አንድ የሆላንድ የሸክላ ድርጅት በጥንቃቄ መርጦ በአራት ክፍል እንደገና አሳተማቸው። ኅትመቱ ጥሩ ነው፤ በእርሱ ምክንያት ድሬክሲያን የሰማው ትውልድ ቀላል አይደለም። ድርጅቱ ያለው ሮተርዳም ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን «ኮፕስታድ እና ሮኹሰን» የተባለው የባሪያ ንግድ ድርጅት መርከቦቹን ወደ አፍሪካ ጠረፍ ይልክ የነበረው ከዚያችው ወደብ ነው፤ የከተማይቱ ከንቲባም ሮተርዳም በባርነት ውስጥ ስለነበራት ድርሻ በይፋ ይቅርታ የጠየቀው በዲሴምበር 2021 ነው። እንደገና የታተሙት ሸክላዎች ያን ጊዜ በሰብሳቢዎች መደርደሪያ ላይ ከተቀመጡ ስምንት ዓመት አልፏቸው ነበር።